የባዝ (Bath፣ የእንግሊዝ ከተማ) ካርታ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፦ ረቂቅ 3፣ የየከተማው አስተያየት እስከ እሁድ

ጸሐፊ፦ የምንጠይቀው ያው ነው። ኤ3 ወረቀት፣ ሦስቴ ታጥፎ ኤ6፣ 500 ቅጂ በአማርኛ። መንገዱ ከባዝ ስፓ ባቡር ጣቢያ ወደ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ፌርፊልድ ድረስ። ጃንሆይ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ገዝተው በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን የሰጡት ቤት።

የብሪስቶሉ፦ የካርታው ልኬት በ1፡10,000 ይሁን። 3 ኪሎ ሜትሩ 30 ሳንቲም ይወጣዋል፣ ወረቀቱ 42 ነው፣ ይበቃል። በ1፡25,000 ግን 12 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ የመንገድ ስም በአማርኛ አያስጽፍም። መነሻውን ከኦፕን ስትሪት ማፕ (የኢንተርኔት ካርታ) እንውሰድ፤ ነፃ ነው፣ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ። ፊደሉ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ወደ ቅርጽ ይቀየር፤ አለዚያ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይታተማል።

የሬዲንጉ፦ ባዝ ያለው ማነው? ባስ ነው።

የብሪስቶሉ፦ በባስ ወደ ባስ ልንሄድ?

የሊድሱ፦ ኤልሳቤጥን በ«ጥ» ስንጽፍ ኖረናል። ባጥ ይባል።

የብሪስቶሉ፦ ቆጡንም ጨምርበትና ይለይልን። የባጥ የቆጡን ማውራቱን እንደሆነ ተያይዘነዋል።

የሬዲንጉ፦ መቀለጃ አደረጋችሁኝ አይደል? መዋጮዬን እንዳትጠብቁ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ይተዉ እንጂ። ስሚዝም ፖርትስማውዝም በ«ዝ» ነው የሚጻፈው።

የሬዲንጉ፦ ስሕተት በስሕተት አይታረምም።

የሊድሱ፦ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 ያረፈው እዚህ ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ነው። ሊድስ ካርታው ላይ የት አለ?

የብሪስቶሉ፦ የባዝ ካርታ ላይ ሊድስ! መቃብሩ ዊንድሶር ነው፤ እሱንም እንጨምረው?

ጸሐፊ፦ የመንገድ ስሞቹን እኔ እሠራለሁ ያለችው እህት የት ገባች? መልእክቱን አይታዋለች።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰው ካልሄደ ካርታው ለማን ነው? ቅጂው 150 ይሁንና በቀረው አውቶቡስ እንከራይ። ግን ልብ በሉ፣ ዩሮ 6 (የጭስ ልቀት ደረጃ) ያልሆነ የናፍጣ አውቶቡስ ባዝ መሃል ከተማ ከገባ ክፍያው በቀን 100 ፓውንድ ነው፣ ሚኒባስ 9። ከመዋዋላችን በፊት በታርጋው ይጣራ።

የሊድሱ፦ አውቶቡስ ካለ ምሳ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀኑ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፣ የጾም ይሁን።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4 ርዕሱ «የጉዞና የምሳ ድጋፍ» ሆኗል። ካርታው ካተረፍን ነው።

የሬዲንጉ፦ ከለንደን በኤም 4 አውራ ጎዳና ከመጣችሁ መውጫ 11 ላይ ውሰዱኝ። መዋጮውን እዚያው እሰጣለሁ።