የትንንሽ ኤሊዎችን ጾታ መለየት ይቻላልን?

የአዘዞዋ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከቆላ ያመጣቸው ሁለት የየብስ ኤሊዎች ግቢያችን ውስጥ አሉ። ጀርባቸው እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ሲሆን፣ ትልቁ 11፣ ትንሹ 9 ሳንቲሜትር ይሆናል። ትልቁ ትንሹን በግንባሩ እየገፋ ከጎመኑ ስለሚያርቀው ልጆቼ «አባወራው» ብለውታል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ቅርፊቱ የጠቆረው ወንድ ነው ይላሉ። በዚህ መጠናቸው ወንድና ሴቱን መለየት ይቻል ይሆን?

የእንስሳት ሐኪም፣ ማራኪ፦
እኅቴ፣ በዓይን አይቻልም፤ የቅርፊት ቀለምም ምልክት አይደለም። ወሳኙ ከዕድሜ ይልቅ መጠን ስለሆነ፣ የእርስዎ ዓይነቶቹ በአብዛኛው 20 ሳንቲሜትር ካለፉ በኋላ ነው ጾታቸው የሚለየው። ያን ጊዜ ጅራታቸውን ይመልከቱ፤ የወንዱ ረዘምና ወፈር ብሎ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ የመጸዳጃ ቀዳዳውም ወደ ጅራቱ ጫፍ ይጠጋል፤ የሴቷ ግን አጭር ነው። የወንዱ የሆድ ቅርፊት ሴቷ ላይ ሲወጣ እንዲመቸው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ፣ መዳፍዎን ቢያሳርፉበት ይታወቅዎታል። ትንንሾቹ ግን ወንዶቹም ሳይቀሩ ሆዳቸው ዝርግ ስለሆነ ሁሉም ሴት ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ሐኪሙ ባሉት ላይ ልጨምር። የእነዚህ እንስሳት ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አፈር ሙቀት ነው፤ ከ30 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሲል ሴት፣ ዝቅ ሲል ወንድ ይበዛል። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ከሆነ ተመሳሳይ ጾታ ሊኖራቸው ይችላል። መገፋፋቱን በተመለከተ፣ ሴቶቹም ለምግብ ሲሉ ይገፋፋሉ፤ እኔ ብሆን ጎመኑን ለየብቻ በራቅ ያለ ቦታ አስቀምጥላቸው ነበር።

የአዘዞዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጎመኑን ለያይቼ ባቀርብላቸው ሁለቱም በሰላም በሉ። «አባወራውን» ቀስ ብዬ ከፍ አድርጌ ባየው፣ ሆዱ እንደ ሰሌዳ ዝርግ፣ ጅራቱም ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ነው። ልጆቼ ግን ስሙ አይቀየርም ብለዋል፤ እንግዲህ አባወራው እንቁላል የጣለ ዕለት ተመልሼ እጽፍላችኋለሁ።