የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ዲግሪ ወጪውን ይመልሳል?

ሰርኪት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ልቤ ሁለት ሆኗል፣ እስቲ ምክር ስጡኝ። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ዲፕሎማ አለኝ፣ ሥራም ላይ ነኝ። ደሞዙ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከእኔ በላይ ያሉት መደቦች በሙሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ልማር ብዬ አሰብኩ። ማይክሮኮንትሮለር፣ ዲጂታል ሎጂክ፣ ኔትወርክ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ሁሉም የምወደው ነገር ነው። ችግሩ ሰው በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ ይለያያል። አንዱ «ከኢንጂነሪንግ ያነሰ ነው፣ ገንዘብህን አታባክን» ይለኛል። ሌላው ደሞ «ሥራ የሚያስገኘው እሱ ነው» ይላል። ሥራ ለቅቄ አራት ዓመት ልማር ወይስ እየሠራሁ ማታ ማታ? በመጨረሻስ ያዋጣል? የምታውቁ በግልጽ ንገሩኝ።

ቀመር፦
ወንድሜ፣ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ከሰው አፍ አትጠብቅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ቁጭ በል። ብዙ ሰው ወጪ ሲባል የትምህርት ክፍያውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ትልቁ ወጪ ግን ሥራ ስትለቅ የሚቀርብህ ደሞዝ ነው።

አሁን በዓመት የምታገኘውን 100 በለው። የትምህርት ክፍያው በዓመት 40 ነው እንበል። ሥራ ለቅቀህ 4 ዓመት ከተማርክ ክፍያው 160፣ የቀረብህ ደሞዝ 400፣ በድምሩ 560 ወጣ ማለት ነው። ስትመረቅ 180 የሚከፍል ሥራ ብታገኝ ልዩነቱ በዓመት 80 ነው። 560ን ለ80 አካፍለው፣ 7 ዓመት ይመጣል። ተመርቀህ 7 ዓመት ከሠራህ በኋላ ነው ገና ከወጪህ ጋር እኩል የምትሆነው። አሁን ሌላውን እይ። ከዲፕሎማህ የተወሰኑ ኮርሶች ኤግዘምት ሆነውልህ (ድጋሚ ሳትወስዳቸው ተቆጥረውልህ)፣ ማታ እየተማርክ በ3 ዓመት ብትጨርስ ክፍያው 120 ነው። ደሞዝህ አልተቋረጠም። በዓመት ከመንፈቅ መለስከው። ዲግሪው ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው።

ብድር ካለበት ወለዱን ጨምርበት። ደሞ 180ውን ዛሬ ከምታገኘው ጋር አታወዳድረው፣ ባትማር ኖሮ በዚያን ጊዜ ልታገኝ ከምትችለው ጋር ነው ማወዳደር ያለብህ። በዲፕሎማህም ቢሆን ደሞዝህ ባለበት አይቆምም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄህ «ስንት ክሬዲት ይያዝልኛል?» መሆን አለበት። «ግባና እናይልሃለን» ካሉህ አትመዝገብ። ኮርስ በኮርስ ዘርዝረው በጽሑፍ ይስጡህ። ተያዘልህ የተባለው ክሬዲት የምርጫ ኮርስ ሆኖ ከተመዘገበ ከዋናዎቹ ኮርሶች አንዱንም አይቀንስልህም፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

መንገደኛ፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን በገንዘብ የማይቆጠር ነገርም አለ። ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ሁለት የተለያዩ ዲግሪዎች ናቸው። በአሜሪካ ለፕሮግራሞቹ እውቅና የሚሰጠው ኤቢኢቲ ሁለቱን የሚገመግመው በተለያዩ ኮሚሽኖች ነው። በአገሮች መካከልም እንደዚያው ነው፤ አገሮች አንዱ የሌላውን ፕሮግራም እውቅና የሚቀበሉበት የ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) የዋሽንግተን ስምምነት የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን ይመለከታል፣ ለኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሲድኒ ስምምነት የሚባል ሌላ አለ። አንዱ በሌላው አይተካም።

ይሄ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። የባለሙያ ኢንጂነር ፈቃድ ላውጣ ስትል ፊት ለፊት ይመጣብሃል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ አንዳንዱ የቴክኖሎጂ ምሩቁን ረዘም ያለ የሥራ ልምድ ጠይቆ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ደሞ አይቀበልም። ማስተርስም ስትል በኢንጂነሪንግ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ሲግናልና ሲስተም የመሳሰሉትን መጀመሪያ ወስደህ ና ይሉሃል። እሱም ጊዜ ነው፣ እሱም ገንዘብ ነው።

ሒሳብ የማይከብድህ ከሆነ፣ ቺፕ ዲዛይን ወይ ምርምር የምትመኝ ከሆነ፣ ቀጥታ ኢንጂነሪንጉን ግባ ነው የምልህ።

ቮልት፦
መንገደኛ፣ ያልከው እውነት ነው፣ ግን ልጁን አታስፈራራው። እኔ የምሠራው የኤሌክትሮኒክስ ምርት ፍተሻ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ማንም ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። የምንቀጥረው ቦርዱን ሲሰጡት የት ጋ እንደሚጀምር የሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ ለተፈታኞች የሰጠነውን ልንገራችሁ። ቦርዱ በሲሪያል መስመር፣ ማለትም ቢት በቢት ተራ በተራ፣ የሚልከው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ዝብርቅርቁ ወጥቶ ነው የሚታየው። ፍጥነቱ 9600 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 9600 ቢት፣ መሆን ነበረበት። ብዙዎቹ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመሩ። አንዷ የቴክኖሎጂ ምሩቅ ግን ኮዱን ሳትከፍት ኦሲሎስኮፑን (የኤሌክትሪክ ምልክቱን ስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳየውን መሣሪያ) መስመሩ ላይ አደረገችና የአንዷን ቢት ርዝመት ለካች። በ9600 አንድ ቢት 104 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ነው የሚፈጀው፣ እሷ ያገኘችው 52 ነው። እጥፍ ፍጥነት ማለት ነው። ቀጥላ የቦርዱን የሰዓት ምት የሚሰጠውን ክሪስታል አየች፣ ላዩ ላይ 16 ሜጋኸርዝ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ኮዱን የከፈተችው፣ ፍጥነቱን የሚያሰላው ክሪስታሉ 8 ሜጋኸርዝ ነው ብሎ ነው። አለቀ። ያ ቁጥር የሁሉም ተፈታኝ አይን ስር ነበር።

ሰርኪት፣ የምትከፍለው ለዚህ ነው። የዚህ ዲግሪ ዋጋ ቤተ ሙከራው ነው። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ሂድና በአይንህ እየው። ኦሲሎስኮፑ ለስንት ተማሪ ነው? ተማሪው ራሱ ቦርድ ዲዛይን አድርጎ፣ በይዶ፣ አስነስቶ ያያል ወይስ አስተማሪው ሲሠራ ቆሞ ይመለከታል? የመመረቂያ ፕሮጀክቶቹን አሳዩኝ በላቸው፣ የሚሠሩ ከሆነ ማሳየት አይከብዳቸውም። ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ብቻ የሚያልቅበት ቦታ ከሆነ ግን ተወው፣ ሲሙሌሽኑን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትማረዋለህ።

ኮድ ብቻ፦
በአጭሩ፣ ፍላጎትህ አፕና ዌብሳይት መሥራት ከሆነ ይሄ ዲግሪ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማር። ኢምቤድድ (ዕቃ ውስጥ ተገጥሞ የሚሠራ ኮምፒውተር)፣ አውቶሜሽን፣ ፍተሻ ምናምን ከሆነ ግን እነ ቮልትን ስማ።

ሰርኪት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አፕ መሥራቱ ላይ የለሁበትም፣ እኔ ነፍሴ ቦርድ ላይ ነው። ፈቃዱም አያጓጓኝም። ማስተርስ ግን አንድ ቀን ልማር እችላለሁ፣ ያ በር እንዲዘጋብኝ አልፈልግም። ዲፕሎማ ላይ ቀለል ያለውን ተግባራዊ ሒሳብ ነው የወሰድኩት። እህቴ ቮልት፣ ማታ ከተማርኩ ቤተ ሙከራውስ እንዴት ይሆናል?

ቮልት፦
እሱን በደንብ አጣራ። ንግግሩን ማታ አድርገው ቤተ ሙከራውን ቀን የሚያደርጉ አሉ፣ እንደዚያ ከሆነ ከአለቃህ ጋር ሳትነጋገር እንዳትጀምር። በሳምንት አንድ ከሰዓት ብቻ ከሆነ ሰዓት ተቀያይረህ ልትወጣው ትችላለህ። ትምህርትህ ከሥራህ ጋር ስለሚገናኝ ከክፍያው የተወሰነውን መሥሪያ ቤትህ ይችልልህ እንደሆነም እግረ መንገድህን ጠይቅ። ከተስማሙ ግን ከተመረቅክ በኋላ ስንት ዓመት እንድታገለግል እንደሚያስገድዱህ ውሉን አንብብ።

ለማስተርሱ ደሞ የምርጫ ኮርስ ቦታ ስታገኝ በቀላል ነገር አትሙላው። ሙሉውን ካልኩለስ ውሰድ፣ ከቻልክ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑንም ጨምር። ኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹ ከሚወስዱት ክፍል ገብተህ ውሰደው፣ በኋላ ትራንስክሪፕትህን የሚያየው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

መንገደኛ፦
በዚህ እስማማለሁ። ማስተርስ ልትማርበት ያሰብከውን ክፍል ደሞ አሁኑኑ ጻፍላቸው። የቴክኖሎጂ ምሩቅ ትቀበላላችሁ ወይ፣ የትኞቹን ኮርሶች ትጠይቃላችሁ ብለህ። መልሱን ይዘህ ነው የምርጫ ኮርሶችህን መምረጥ ያለብህ።