ጀልባዎቻችን ለአስቸኳይ ሥራ ሲጠሩ፤ የጋራ ሐሳባችንን እናርቅቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ሳይገባ ለአስተዳደሩ የምናስገባውን ደብዳቤ እዚሁ እንጨርሰው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በፎገራም በደምቢያም ውኃ ሲሞላ ጀልባ ይፈለጋል፣ እኛም እንሰጣለን። እሱ አያከራክርም። በምን ውል የሚለው ነው ያልተጻፈው። አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችውን መርከብ ነገር የማነሳውም ለዚህ ነው። የኩናርድ ኩባንያ የኮንቴይነር መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1982 ብሪታንያ በፎክላንድ ከአርጀንቲና ጋር ስትዋጋ መንግሥት ለባሕር ኃይሉ ወሰዳት፣ ሄሊኮፕተርና ድንኳን ጫነባት። ከሚሳይል የምትከላከልበት ነገር ግን አልገጠሙላትም። ሜይ 25 ኤግዞሴት በተባለ የአርጀንቲና ሚሳይል ተመታች፣ 12 ሰው ሞተ፣ ካፒቴኗ ኢያን ኖርዝም አንዱ ነበር።

ባለጀልባ፣ ከጎርጎራ፦ ወንድሜ፣ ጎርፍ ጦርነት አይደለም እኮ። ሚሳይል ካነሳን ደብዳቤውን ማን ያነበዋል?

ጸሐፊ፦ ደብዳቤው ላይ አይገባም፣ ለራሳችን ነው። ለጭነት የተሠራች መርከብ ሌላ ሥራ ተሰጥቷት የሚያስፈልጋት ካልተሟላ፣ የሚጎዳው ላይዋ ያለው ሠራተኛ ነው። የእኛ ጀልባ ገዳም የሚሳለም ሰውና ቱሪስት ልታመላልስ ተሠርታ ማታ በጎርፍ ውኃ፣ ግንድና እምቦጭ መሃል ስትላክ ሕይወት አድን ጃኬት፣ መብራትና መጠባበቂያ ሞተር ይኑራት።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ ለእኛ የምትቀርበው የታንጋኒካ ሐይቋ መርከብ ናት፣ ግራፍ ፎን ጎትሰን። ጀርመን አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ በሣጥን ተጭና መጥታ ኪጎማ ላይ ተገጣጠመች። ሰውና ዕቃ ልታጓጉዝ ታስባ አንደኛው የዓለም ጦርነት ደረሰና መድፍ ተተከለባት። እ.ኤ.አ. በ1916 ጀርመኖቹ ራሳቸው አሰመጧት፣ ሞተሯን ግን በግራሶ ለውሰውት ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1924 አወጧት፣ በ1927 ሊምባ ተብላ ሥራ ጀመረች። ያሠራት የባቡር ኩባንያ ግን መልሶ አላገኛትም። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ይጻፍ። ርክክቡ ላይም ሞተሩና አካሉ ፎቶ ይነሣ።

የካፒቴን ባለቤት፦ ጋሼ ልክ ብለዋል፣ እኔ ግን ከጀልባው ሰው ይቅደም እላለሁ። ለካፒቴኑ ኢንሹራንስ ሲገባ ረዳቱ የቀን ሠራተኛ ነው ተብሎ እንዳይቀር። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ እሱም ቤተሰብ አለው።

ባለጀልባ፣ ከጎርጎራ፦ እሺ፣ ይሄ አንደኛ ነጥብ ይሁን። ኪራዩ ላይ ግን አልስማማም፣ ነዳጅ ይበቃል። ጎረቤቴን ከጎርፍ እያወጣሁ ኪራይ አልቀበልም።

ጸሐፊ፦ ያንተን አከብራለሁ። ግን ያለችው አንድ ጀልባ ብቻ የሆነ አባል ሁለት ሳምንት ሥራ ከፈታ ልጆቹን በምን ያበላል? «ነዳጅ ለሁሉም፣ ከሦስት ቀን ካለፈ የቀን ክፍያ፣ አልፈልግም ላለ መብቱ ነው» ብዬ እጽፈዋለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይናገር፣ ቅዳሜ ማኅተም ይመታበታል።