አሮጌው ፊያት 124 ስፓይደር ወደ ግራ ይስባል፤ አላይመንቱም አይጸናም

ጥያቄ (ከደሴ)
ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የተረከብኩት የ1970ዎቹ ፊያት 124 ስፓይደር ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መሪውን ለቀቅ ሳደርገው ወደ ግራ ይስባል። የፊተኛው ግራ ጎማ በውስጥ ጠርዙ ተበልቷል፤ ጥርሱን በመዳፌ ስዳስሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ልስልስ፣ ወደ ሌላው እንደ መጋዝ ሻካራ ነው። በማሽን አላይመንት (የጎማዎች አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከያ) ቢሠራለትም ብዙ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ከየት ልጀምር?

መልስ (ከኮምቦልቻ)
ወንድሜ፣ ዳግመኛ ወደ ማሽኑ ከመሄድዎ በፊት የላላውን ዕቃ ይፈልጉ፤ በላላ ዕቃ ላይ የተሠራ አላይመንት አይጸናምና። ጥፋቱ የካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የማዘንበሉ) ብቻ ቢሆን ኖሮ የተበላው ጠርዝ ልስልስ በሆነ ነበር፤ መጋዝ መሰል ሻካራነት ግን የሁለቱ ፊት ጎማዎች አቅጣጫ እንደማይገጥም ያሳያል።

የዚህ መኪና መሪ በሳጥን የሚሠራ ስለሆነ በሌላው ጎን የሚያግዘው ክንድ አለ፤ ጎሚኒው (በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) ሲያልቅ የሁለቱም ጎማዎች አቅጣጫ ይዋልላል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንድ ሰው መሪውን በአጭሩ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ እርስዎ ደግሞ ክንዱን በእጅዎ ይያዙ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መገጣጠሚያዎች) እና ጎማውን ከታች የሚይዙትን የታችኛዎቹን ክንዶች ጎሚኒ ይመልከቱ። በተለይ የግራው ጎሚኒ ካለቀ ጎማው በታች በኩል ወደ ኋላ ይሸሽና ካስተሩ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከላይ ወደ ኋላ ማጋደሉ) ይቀንሳል፤ መኪና ደግሞ አዘውትሮ የሚስበው ካስተር ወደ አነሰበት ጎን ነው።

መልስ (ከወልድያ)
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፈተናው ቁልቁለት ላይ መሆን የለበትም። ፍሬን እየተያዘ በሚወረድ መንገድ ላይ የተያዘ ፍሬንና የተዛባ አላይመንት አይለዩም። ሜዳማ መንገድ ላይ ፍሬን ሳይነኩ ይሞክሩት፤ ሲቆሙም የሁለቱን ፊት ቸርኬዎች ሙቀት ያነጻጽሩ። መንገዳችን ወደ ቀኝ ጠርዝ ስለሚያዘቀዝቅ በቀኝ መስመር የሚሄድ መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ደንብ ነው፤ ወደ ግራ መሳብ ግን በመንገዱ አይመካኝም። ከዚያ ሁለቱን ፊት ጎማዎች ያቀያይሯቸው፤ ስበቱ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ጎማዎቹን ባቀያይርም ስበቱ በግራ ቀረ፤ የቸርኬዎቹ ሙቀት እኩል ነው፤ አጋዡ ክንድም በግልጽ ይንቀሳቀሳል። የግራውን የታችኛ ክንድ ጎሚኒ ጭምር ልቀይር ነው።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
መልካም። የታችኛው ክንድ ከተሸካሚው ብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ ስስ ብረቶች ተደርበው ያገኛሉ፤ ካምበርና ካስተር የሚስተካከሉት በእነርሱ ነው። ቡሎኑን ከመፍታትዎ በፊት በየቡሎኑ ስንት እንደነበሩ ቆጥረው ይጻፉ፣ የፊቱንና የኋላውንም ለየብቻ አስረው ያስቀምጡ። የጎሚኒዎቹን ዳዶ የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጡት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ አዲሱ ጎሚኒ ተጠምዝዞ ይቀደዳል። አላይመንቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሠራ።