ለስፔሰር ከቫንኮማይሲን ጋር ምን ልቀላቅል?

ሰላም ሐኪሞች፣ ከደሴ ነው። ከወረኢሉ የመጡ እናት የተተካላቸው የዳሌ መገጣጠሚያ ላልቷል። ከመገጣጠሚያው የተቀዳው ፈሳሽ ነጭ የደም ሴል ከ3,000 በላይ ነው፣ ኢንፌክሽን ያስጠረጥራል፤ ካልቸሩ (ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራው) ግን ምንም አላበቀለም። አይገርምም፣ ጤና ጣቢያ ሴፍትሪአክሶን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ሲወጉ ነበር። መድኃኒቱን አቁመን ከ2 ሳምንት በኋላ ደግመን እንቀዳለን፤ ካልቸሩንም 14 ቀን እናቆየዋለን።

የቸገረኝ ስፔሰሩ ነው፤ የላላው ወጥቶ አዲስ እስኪተካ ቦታውን የሚይዘው፣ ከአጥንት ሲሚንቶና ከፀረ ባክቴሪያ የሚሠራው ማለቴ ነው። ያለን መድኃኒት ያልገባበት ሲሚንቶ፣ ባለ 40 ግራም ፓኬት፣ እና የቫንኮማይሲን ዱቄት ነው። በፓኬት 3 ግራም ላደርግ አስቤያለሁ። ጄንታማይሲን ያለን በአምፑል ብቻ ነው፤ ፈሳሽ ከገባበት ደግሞ ሲሚንቶው ይደክማል፣ ቶሎ ይሰበራል። ቫንኮማይሲን ለማይሸፍናቸው ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች በዱቄት መልክ ምን ትጨምራላችሁ? ሴፍታዚዲም የተጠቀማችሁ ካላችሁ በፓኬት ስንት ግራም? የኩላሊት ሥራን የሚያሳየው ክሬቲኒናቸው 1.6 ነው።