የድሮ የፎርትራን ኮድ ከፓይተን ስጠራው 0 እና 4.87 እያፈራረቀ ያነባል፤ ምን ላድርግ?

ደንገል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። የማስተርስ ሥራዬ የጣና የውኃ ሚዛን ላይ ነው። ከቀደሙን ተማሪዎች አንድ በፎርትራን (በድሮ የስሌት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) የተጻፈ ፕሮግራም ወርሻለሁ። ሐይቁ ላይ የዘነበውን፣ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ የገባውን ይደምራል። በትነት የሄደውንና በዓባይ የወጣውን ይቀንሳል። ከዚያ የየወሩን የሐይቁን ከፍታ ይሰጣል። ለብቻው ሲሠራ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን መረጃውን የማዘጋጀውም ግራፉን የምሠራውም በፓይተን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማገናኘት ፈለግሁ።

ሊኑክስ ላይ በጂፎርትራን (በፎርትራን ኮምፓይለር) ሼርድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ሊጠራው የሚችል ፋይል አደረግሁትና በሲታይፕስ (ፓይተን እንዲህ ያለ ፋይል በሚጠራበት መሣሪያ) ከፓይተን ከፈትሁት። መጀመሪያ ሰብሩቲኑን (ስሌቱን የያዘውን የኮድ ክፍል) በስሙ ስጠራው የለም አለኝ። ስሙ መጨረሻ ላይ አንደርስኮር ስጨምር ተገኘ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀጥሎ የወሮቹን ብዛት 12 ብዬ ስልክለት በሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሚሞሪ በመንካት ስህተት) ቀጥ አለ። በባይሬፍ፣ ማለትም በቁጥሩ ፋንታ አድራሻውን ስልክ ተሻለው።

አሁን የቸገረኝ ይኼ ነው። ለሙከራ 12ቱንም ወር 1786.0 ሜትር አድርጌ በነምፓይ (በፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) አሬይ፣ ማለትም የቁጥሮች ድርድር አድርጌ ላክሁ። ፎርትራኑ የደረሰውን እንዲያትም ሳደርገው 0.0፣ 4.87፣ 0.0፣ 4.87 እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ላይ ነኝ። ሐሙስ አማካሪዬ ፊት እቀርባለሁ። እባካችሁ።

ታንኳ

እህቴ አይዞሽ፣ ቁጥሩ ራሱ እየነገረሽ ነው። ፎርትራኑ ውስጥ ከፍታው የታወጀው ሪል (ተራ የአስርዮሽ ቁጥር) ተብሎ ብቻ ነው ወይስ ደብል ፕሪሲዥን (እጥፍ ስፋት ያለው)?

ደንገል

ሪል ብቻ።

ታንኳ

በቃ ተገኘ። ነምፓይ ዝም ካልሽው አስርዮሽ ቁጥርን በ8 ባይት ነው የሚይዘው። የፎርትራን ተራ ሪል ደግሞ 4 ባይት ነው። አንቺ 8 ባይት የሆነ ቁጥር ሰጠሽው፤ እሱ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ቁጥር አድርጎ አነበበው።

0 እና 4.87 ከየት መጡ? 1786.0 በ8 ባይት ሲጻፍ ቁም ነገሩ ሁሉ የላይኛው 4 ባይት ውስጥ ያልቃል። የታችኛው 4 ባይት ባዶ ነው። የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ የታችኛውን ነው ሚሞሪ ላይ የሚያስቀድሙት። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን አንብቦ 0 አለሽ። ቀጥሎ የላይኛውን ራሱን እንደቻለ ቁጥር ሲያነበው 4.872 ይሆናል። በ1785 ብትሞክሪውም ያው 4.87 ነው የሚመጣው። በ1786.31 ብትሞክሪ ግን በ0 ቦታ ትርጉም የሌለው ቁጥር ታገኚ ነበር፤ ያኔ መፈለጉም ይከብድሽ ነበር። በሙሉ ቁጥር መሞከርሽ ጠቀመሽ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ፎርትራኑ 12 ጊዜ 4 ባይት፣ ማለትም 48 ባይት ብቻ ነው ያነበበው። ከላክሽው 12 ወር ያየው 6ቱን ነው። የቀሩትን አልነካቸውም፤ ስህተት የሚል መልእክት ያልመጣውም ለዚህ ነው። ሲታይፕስ አይጠይቅም። የሰጠሽውን አድራሻ ተቀብሎ ያስተላልፋል።

መፍትሔው አሬዩን ስትፈጥሪ ዓይነቱን ፍሎት 32 (32 ቢት፣ ማለትም 4 ባይት) ማድረግ ነው።

ዓባይ ማዶ

እኔ ብሆን ይኼን ሁሉ ጣጣ ትቼ ኮዱን ወደ ፓይተን እገለብጠው ነበር። ስንት መስመር ቢሆን ነው?

ጨራጨራ

ልጄ፣ እንዳትገለብጪው። እኔ ፎርትራን ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ኮድ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ከተለካ መረጃ ጋር እየተስተያዩ የተስተካከሉ ናቸው። ስትገለብጪ አንድ ቦታ ቅንፍ ቢዛነፍ፣ ወይም ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ለኢንቲጀር ተካፍሎ ክፍልፋዩ የሚጣልበት መስመር ቢያመልጥሽ፣ ውጤቱ ትንሽ ብቻ ይለያል። ያቺን ትንሽ ልዩነት የሚያይልሽ የለም። አማካሪሽም አያይም።

ያልገባሽን ሁለቱን ነገር ልንገርሽ። አንደርስኮሩን የሚጨምረው ጂፎርትራን ነው። ስሙን ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይርና መጨረሻው ላይ ያቺን ይለጥፋል። 12 ስትልኪ የሞተው ደግሞ ፎርትራን ዋጋ ሳይሆን አድራሻ ስለሚጠብቅ ነው። 12 ቁጥር ሚሞሪ ውስጥ ገብቶ ሊያነብ ሄደ፤ እዚያ መግባት አይፈቀድም።

የድሮውን ፋይል ሳትነኪ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ሰብሩቲን ጻፊ። ከፎርትራን 2003 ጀምሮ ባይንድ ሲ የሚባል ነገር አለ። እሱን ስትጠቀሚ ስሙ አንቺ እንዳልሽው ይቀራል፣ አንደርስኮር የለም። ቫልዩ የሚለውን ከጨመርሽበት 12ን እንደ ተራ ቁጥር መላክ ትችያለሽ። የእያንዳንዱን ቁጥር ስፋትም በግልጽ ትጽፊያለሽ። ፓይተን ይችን ትጠራለች፣ ይቺ የድሮውን ትጠራለች።

ሁሉንም ሪል ወደ 8 ባይት የሚቀይር የኮምፓይለር ትእዛዝም አለ፤ እሱን ግን አልመክርሽም። የድሮ ኮድ የሚያነባቸው ባይነሪ ፋይሎች ካሉት ይበላሹብሻል።

ደንገል

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንኳም አንተም እንደዚያው። ፍሎት 32 ሳደርገው 12ቱም 1786.0 ሆነው ደረሱ! እልል ብዬ ጎረቤቴን ቀሰቀስኳት።

አንድ ጥያቄ ግን። 4 ባይት ለከፍታ ይበቃል? የወር ለውጡ አንዳንዴ ጥቂት ሳንቲሜትር ነው።

ታንኳ

ይበቃል። በ1,786 ሜትር አካባቢ የ4 ባይት ቁጥር ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው የሚዘለው 0.00012 ሜትር ገደማ ነው። ከሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ትንሽ ይበልጣል። ማዕበል ባለበት ሐይቅ ላይ ይህን የሚለካ የመለኪያ ዘንግ የለም።

ደንገል

እሺ፣ አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። የወንዞቹን ፍሰት 4 በ12 አድርጌ ላክሁ። አራት ወንዝ፣ አሥራ ሁለት ወር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ ጀምሮ። ወንዞቹ በቅደም ተከተል ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ናቸው። የዓመቱ ጠቅላላ ድምር ልክ ነው። ነገር ግን መገጭ በፌብሩዋሪ ሞልቷል ይለኛል። በዚያ በጋ! ትራንስፖዝም (ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ) አድርጌ ላክሁት፤ ምንም አልተለወጠም።

ጨራጨራ

የመገጭን በጋ ስለምታውቂ ነው የነቃሽው። ሌላ አገር ያለ ሰው ቢሆን ያሳልፈው ነበር።

ነምፓይ ሠንጠረዡን በረድፍ ነው ሚሞሪ ላይ የሚደረድረው። መጀመሪያ የግልገል ዓባይን 12 ወር፣ ከዚያ የጉማራን 12 ወር። ፎርትራን ደግሞ በዓምድ ነው የሚያነበው። መጀመሪያ የጃንዋሪን 4 ወንዝ፣ ከዚያ የፌብሩዋሪን 4 ወንዝ። ስለዚህ የግልገል ዓባይን የመጀመሪያ አራት ወራት የጃንዋሪ አራት ወንዞች አድርጎ ወሰዳቸው። አሁን ቁጠሪ። የግልገል ዓባይ ኦገስት 8ኛው ቁጥር ነው። 8ኛው ቁጥር ለፎርትራን ሁለተኛው ወር፣ አራተኛው ወንዝ ነው። መገጭ በፌብሩዋሪ ማለት ይኼ ነው። የግልገል ዓባይ የክረምት ሙላት ነው እዚያ የታየሽ።

ድምሩ ልክ የሆነው ከ48ቱ ቁጥሮች አንድም ስላልጠፋ ነው፤ የተዛወሩት ቦታቸውን ብቻ ነው። ድምር አይቶ ማመን እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል።

ትራንስፖዙ ያልረዳሽ ነምፓይ ያኔ ቁጥሮቹን ከቦታቸው ስለማያንቀሳቅስ ነው። የሚያይበትን አቅጣጫ ብቻ ይቀይራል፤ ሚሞሪው ያው ነው። አዝ ፎርትራን አሬይ የሚባለውን ፋንክሽን ተጠቀሚ። እሱ በእውነት ገልብጦ በዓምድ ይደረድርልሻል።

ዓባይ ማዶ

ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ጋሼ ልክ ነዎት። አንድ አማራጭ ልጨምር። ከነምፓይ ጋር ኤፍ ቱ ፓይ የሚባል መሣሪያ ይመጣል። የፎርትራኑን ኮድ ራሱ አንብቦ የፓይተን ሞጁል ይሠራል። የሚገቡትን አሬዮች የባይቱን ስፋትም አደራደሩንም አስተካክሎ ነው የሚያቀብል። ከፓይተን 3.12 ወዲህ ግን ሜሶን የሚባል ፕሮግራም ካልጫንሽ አይሠራም፤ እኔ እዚያ ላይ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ደንገል

ለሐሙስ በጋሼ መንገድ እሄዳለሁ፤ የምልከውን እያንዳንዱን ነገር በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ። ኤፍ ቱ ፓይን ከዚያ በኋላ እሞክረዋለሁ።

አሁን ውጤቱ ገብቷል። መገጭ በፌብሩዋሪ ቀጭን ነው፣ ግልገል ዓባይ በኦገስት ሙሉ። ማረጋገጫም ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ወንዝና ወር የተለየ ቁጥር እሰጥና ፎርትራኑ መልሶ እንዲያትም አደርጋለሁ። ለምሳሌ 307 ማለት ሦስተኛው ወንዝ፣ ሰባተኛው ወር። 48ቱም በየቦታቸው ተመለሱ። የድሮው ፕሮግራም ለብቻው ሲሠራ የሚያወጣውን ከፍታም ከዚህኛው ጋር ወር በወር አስተያየሁት። አንድ ናቸው።