የእድራችን የጤና መድህን ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቀበሌ የምናቀርበውን ሐሳብ እንዳዘጋጅ አዛችሁኝ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይኸው። እድራችን ለሞተ ይደርሳል፤ ለታመመ ግን አይደርስም። ስለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የዓመት መዋጮን ባንዴ መክፈል ላቃተው አባል ከካዝናችን እናበድር። እሱም በየወሩ ከእድር መዋጮው ጋር እያደረገ ይመልስ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

አባል (ባጃጅ አሽከርካሪ)፦
ብድሩን እደግፋለሁ። ግን አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ በራሱ ጥፋት የታመመ ሰው ብድር አያግኝ። እኔ አልጠጣም፣ አላጨስም። ዓመቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው የእኔ መዋጮ ለምን ይወጣል? ይህን የምለው በጭካኔ አይደለም። አባቴ ሲጋራ ተው ሲባል አልሰማ ብሎ ነው ያጣነው። ጠንከር ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ኖሮ ያቆም ነበር እላለሁ።

አባል (ዓሣ አስጋሪ)፦
ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። እኔን ግን ቢልሃርዝያ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሐኪሙ «ውሃ ውስጥ አትቁም» አለኝ። ጣና ላይ መረብ የሚጥል ሰው እግሩን ሳያረጥብ እንዴት እንጀራ ይበላል? ታዲያ በራሴ ጥፋት ታመምኩ? ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ ሲውል ወባ የያዘው ገበሬስ? ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እኛ ቁጭ ብለን ልንፈርድ ነው? እኔ እንዲህ ያለ ዳኝነት ላይ አልቀመጥም።

አባል (ጡረታ የወጣች ነርስ)፦
ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ይህ መድህን በሀገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ምዝገባው በቤተሰብ እንጂ በሰው አይደለም። ምክንያቱም በሽተኛውን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛውን ማስቀረት ቢቻል ገንዘቡ ቶሎ ያልቃል። ገንዘቡን የሚያኖረው ዘንድሮ ያልታመመው ሰው መዋጮ ነው።

ስለዚህ ለእኔ የግል ኃላፊነት ማለት ደህና ሳለህ ማደስ ነው። «ዘንድሮ አልታመምኩም፣ ብሬ በከንቱ ሄደ» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ታሞ ተሸክመውት ይመጣሉ፤ የመድህን ደብተሩ ግን አልታደሰም። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። ሦስተኛው አጎበር ነው። አጎበሩን የእህል መሸፈኛ አታድርጉት፣ እባካችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ሌላ ነገር ያንገበግበኛል። ልጄ ስትታመም ደብተሬ የታደሰ ነበር። ጤና ጣቢያም በወጉ ሄድኩ። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» አሉኝ። በዚያ ሰዓት ከጎረቤት ተበድሬ ገዛሁ። የእኔ ኃላፊነት የት ጋ ጎደለ? ሐሳባችን አባሉ ላይ ብቻ ግዴታ ከጫነ ግማሽ ሐሳብ ነው። መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ በደረሰኝ ገንዘቡ እንዲመለስለት ብለን እንጠይቅ።

ብድሩን በተመለከተ፣ ያልመለሰ በሚቀጥለው ዓመት አይበደር። የቀብር ገንዘቡ ግን አይነካ። ሰው ዕዳ ስላለበት ሬሳው አይጉላላም። የድሃ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች ደግሞ መዋጮውን መንግሥት ስለሚሸፍን፣ መጀመሪያ እነሱን ለቀበሌ እናስመዝግብ። ካዝናችንም ይተነፍሳል።

አባል (ባጃጅ አሽከርካሪ)፦
እሺ፣ አንቀጹን አንሱት። ዓሣ አስጋሪው ወንድሜ ያለው ገብቶኛል። ግን ስለ መጠጥና ሲጋራ ዝም አንበል። በየስብሰባው እህታችን የደም ግፊት ትለካን፣ ትምከረንም። አባቴን ማንም ቁጭ አድርጎ አልመከረውም።

አባል (ነርስ)፦
በደስታ። መለኪያው ቤቴ አለ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል። «እድሩ ለመዋጮ ያበድራል። ተበዳሪው ደብተሩን በወቅቱ ያድሳል፤ ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የሕመሙ መነሻ ለማንም መከልከያ አይሆንም። መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ከውጭ የገዛበት ገንዘብ በደረሰኝ እንዲመለስለት ቀበሌው ጥያቄያችንን ለመድህኑ ጽሕፈት ቤት እንዲያደርስልን እንጠይቃለን።»

የቀረው ከካዝናው ምን ያህል ይመደብ የሚለው ነው። ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ለእሑድ ታቅርብልን። ሁላችሁም የመድህን ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያልታደሰውን ያኔ እንቆጥራለን።